እናቴ የምትኖርበት የመኪና መጠለያ

ለተከበሩ የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ቃላት ትርጓሜ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
አፒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ ይልቁንም በጠረጴዛዎ ላይ የተቀመጠውን የዚያን ወፍራም የትርጓሜ መጽሐፍ ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እርስዎ ቢያምዎት፣ አያድርገውና፣ ምክትል አለዎት፤ መጽሐፉ አንድ ገጽ ቢጎድልበት ግን እኛ የቫይቶአ መንደር ሰዎች ምን ውስጥ እንደምንኖር የሚነግረን አናገኝም።

እኔ ሎሴ ማናሴ እባላለሁ፤ የመንደሩ የሴቶች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። መንደራችን ባለፈው ዓመት ወደ ከተማው ፕላን መግባቱን በደብዳቤ ስላበሠሩን እናመሰግናለን። እኛ እንኳ ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም፤ ከተማው ራሱ ነው እግር አውጥቶ የመጣብን። እንግዳ ሆኖ ስለመጣም ታሮ የሚባለውን ሥራ ሥራችንን ቀቅለን፣ ዓሣ ጠብሰን ተቀበልነው፤ በልቶ ሲጨርስ ቤታችንን ቤት አይደለም አለን። ቅሬታዬን ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ በትሕትና ተረድቻለሁና።

አንደኛ። ባለሙያዎ ኢሳራኤሉ መለኪያ ሜትሩን ይዞ ቤታችን የመጣ ዕለት እናቴ ፉአታይ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኢሳራኤሉ የእኛው ልጅ ነው፤ የአያቱ መንደር ከእኛ ወንዝ ማዶ ነው፤ ነገር ግን ባሕር ማዶ ተምሮ ስለመጣ እግሩ ላይ ጫማ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ነበረው። መሐል ቤት ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይለካ ጀመር። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ፤ ቆሞ የሚያወራ ከሰው ጋር ሊጣላ የመጣ ነው» አለችው። ደንግጦ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ለዚህስ እናቱን እግዜር ይስጣት።

«እማማ፣ ግድግዳው የት ነው?» አላት።

«ምን ሊያደርግልኝ? ማንን ልደብቅበት?»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«የኮኮናት ቅጠል መጋረጃውን አወርዳለሁ። ሲያባራ እሰቅለዋለሁ። አያትህ ቤት አላየህም እንዴ? ወይስ ባሕር ማዶ ሲያጥቡህ ይህም አብሮ ታጠበ?»

ልጁ ሳቀ፣ የቀረበለትን ኮኮዋ ጠጣ፣ መርቃ ሸኘችው። ከዚያ ደብዳቤዎ መጣ። በመጽሐፉ መሠረት «መኖሪያ ቤት ማለት በግድግዳ የተከለለ መዋቅር» ነው፤ «ጣሪያ ኖሮት በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጎኑ ክፍት የሆነ መዋቅር» ግን የመኪና መጠለያ ነው፤ በመኪና መጠለያ ውስጥ ሰው ማደር አይፈቀድለትም። የእኛ ቤት ሞላላ ስለሆነ ጎን የሚባል ነገር የለውም፤ ዙሪያውን በምሰሶ የቆመ ነው፤ እያንዳንዱ ምሰሶ ደግሞ የትኛው የቤተሰብ አለቃ ተደግፎት እንደሚቀመጥ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የታወቀ ነው። አባቴ ማናሴ የታረቀው፣ የተዳኘው፣ ሴት ልጁን የዳረው እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ክብር ለካስ በመኪና መጠለያ ውስጥ ኖሯል! ቸግሮን የቆየው መኪናውን ማግኘት ብቻ ነው፤ በቤታችን መኪና የገዛ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ሁለተኛ። ሕግ አክባሪዎች ነንና ግድግዳ ሠራን። ወንድሜ ታቪታ ኮምፔርሳቶ ገዝቶ በምሰሶዎቹ ዙሪያ መታው። ክቡር ሆይ፣ በመንደራችን ማታ ከጸሎት በኋላ ማዕድ ሲቀርብ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ «ና ብላ! ነይ ብዪ!» ብሎ መጥራት ግዴታ ነው፤ የሚያልፈውም «ጠግቤያለሁ፣ ይባረክ» ብሎ ማለፉ ግዴታ ነው። እናቴ ያን ዕለት ማታ የእግር ኮቴ ሰምታ «ኑ ብሉ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ከኮምፔርሳቶው ጋር ተላትሞ ወደ ራሷ ተመለሰ። ያለፈው ሰውም ቤቱ ተዘግቶ ሲያይ ወይ ተጣልተዋል ወይ ሰው ሞቶባቸዋል ብሎ አወራ። በማግስቱ ጎረቤቶች ለሐዘንተኛ የሚሰጠውን ስስ ምንጣፍ ይዘው ለለቅሶ መጡ! «ማን ነው የሞተው?» ሲሉ እናቴ በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ አየቻቸውና «እኔ ነኝ፤ ልጆቼ በቁሜ ሳጥን ውስጥ ከተቱኝ» አለች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ፊት የማይታይበት ቤት ምን ሊፈተፈትበት ነው?

በሳምንቱ ሙቀቱ ጣላት። ትንፋሽ አጠራት፤ ሐኪም ቤት ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎ «ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ትቀመጥ» አለን። ታቪታ ማታውኑ ኮምፔርሳቶውን ነቅሎ ለአሳማዎቹ ጉረኖ ሠራበት። እንዲያውቁት ያህል፣ አሳማዎቻችን አሁን በመጽሐፉ ፍቺ መሠረት ሙሉ መኖሪያ ቤት አላቸው፤ ስለ ተቆርቋሪነትዎ ያመሰግናሉ።

ሦስተኛ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ኢሳራኤሉ ግድግዳውን ሊያይ ተመልሶ መጣና ግድግዳ ቢያጣ መቃብር አገኘ። አባቴ የተቀበረው እንደማንኛውም ሰው በቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሰው አባቱን ወስዶ ማንንም በማያውቅበት ሜዳ እንዲጥል የሚያስተምር ዘመድ እኛ ዘንድ የለም። ልጆች መቃብሩ ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች፤ ሲከፋት ሄዳ ትጨቃጨቀዋለች። ሁለተኛው ደብዳቤዎ ግን «የመቃብር ስፍራ ማለት አንድ ወይም ከአንድ በላይ አስከሬን ያረፈበት ማናቸውም ይዞታ ነው» ይልና በመቃብር ስፍራ መኖር ክልክል ስለሆነ እንድንለቅ ያዛል። እንግዲህ እናቴ የመኪና መጠለያ ውስጥ፣ በመቃብር መካከል የምትኖር ሴት ሆነች ማለት ነው። በዚህ ፍቺ ከሄድን በደሴቷ ላይ ያለን ሁላችን መናፍስት ነን። ድፍረት አይሁንብኝና የእርስዎ አባት የት ነው ያረፉት? በርዎ ላይ ከሆነ እባክዎን ለራስዎም ደብዳቤ ይጻፉ፤ እርስዎ እንደኛ ሳይነገርዎት መቅረት የለበትም።

አራተኛ፤ ይህ ግን ቅሬታ አይደለም፤ ለዚህ ስም የለኝም።

እናቴ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ አልዳነችም። ሐኪሙ ለእኔና ለታቪታ በር ላይ የነገረንን እሷ ሳይነገራት ታውቀዋለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ከማናሴ ጎን እንድትቀበር። «ዕድሜ ልኬን ሲያንኮራፋ ጎኑ ተኝቻለሁ፤ አሁን ዝም ባለበት ሰዓት ልርቀው ነው እንዴ?» አለች። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና አመለከትኩ። መልስዎ ፈጥኖ ደረሰኝ፤ ስለ ፍጥነቱ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ይላል፤ «የተጠቀሰው ይዞታ በፕላኑ ላይ የመኖሪያ ክልል በመሆኑ ቀብር አይፈቀድም።»

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ፊርማው አንድ ነው፣ ማኅተሙ አንድ ነው። መቃብር ስለሆነ ልትኖርበት አትችልም፤ መኖሪያ ስለሆነ ልትቀበርበት አትችልም። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጣሁ። ኢሳራኤሉ ሲያየኝ ተነሣ።

«እህቴ ሎሴ፣ እኔ ምን ላድርግ? መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው።»

«መጽሐፉን ማን ጻፈው?»

«ከውጭ ነው የመጣው። እዚያ እኮ ይሠራል።»

«እዚያማ ይሠራል! ቤታቸው ግድግዳ አለው፣ ሙታናቸውም ከከተማ ውጭ ናቸው። እኛ ምን በወጣን?»

መጽሐፉን ገልብጦ አሳየኝ። ለካስ በጣሪያ ላይ ስለሚከመር በረዶም አንቀጽ አለው። በዚህ ሙቀት ቅቤ እንኳ ቆሞ በማያድርበት አገር! ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔም አያት በራችን ላይ ናት፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎና ይህን ደብዳቤ ለማደርሰው ጋዜጣ አንባቢ ብቻ ነው የምነግረው። ልጁን ግን አይቆጡት፤ እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

አሁን እናቴ በየማለዳው «መልስ መጣ ወይ?» ትለኛለች። እኔ «እያዩት ነው እማዬ» እላታለሁ። ስዋሽ ታውቅብኛለች። ታቪታን ጠርታ ከአባቴ መቃብር ጎን ያለውን ሣር አስመነጠረችው፤ አልጋዋን እንደምታነጥፍ ሴት እያዘዘች፣ «ወደዚህ ጠጋ አድርገው፣ እሱ ቦታ ይወስዳል» እያለች። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ ግን አንጀቴ አሯል። ሰው ለመሞት የሚያስፈልገውን አንድ ክንድ መሬት ያጣችው እናቴ፣ ያንኑ መሬት ሙሉ ዕድሜዋን የጠረገች፣ የተከለች፣ ያጨደች ሴት ናት። ተናድጃለሁ። ይህን ለማለት የትኛውን ቃል መጠቀም እንደሚፈቀድ መጽሐፉን ባለመመልከቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎት ቀላል ነገር ነው። ከሁለቱ ቃላት አንዱን ይምረጡልን። መኖሪያ ነው ካሉን እናቴ ትኑርበት፤ መቃብር ነው ካሉን ትቀበርበት። ሁለቱም ነው ማለት ካስፈለገዎ ደግሞ እኛ ሁልጊዜ ያልነውን ማለትዎ ነውና ደስ ይለናል። ሁለቱም አይደለም ማለት ግን አይችሉም፤ ለዚህ የሚሆን ፍቺ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

በመጨረሻም ለሰጡን ትምህርት ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤት የሌለን መሆናችንን፣ ሙት መሆናችንን፣ መኪና እንደጎደለን ያለ እርስዎ ማን ያሳውቀን ነበር? በሥልጣን ላይ ያኑርዎ፤ በሁሉም ጎኑ በሚገባ የታጠረ ቢሮ ውስጥ፣ ነፋስ እንዳይነካዎ፣ ሰውም እንዳያይዎ፣ ኑ ብሉ የሚልዎም ድምፅ እንዳይደርስዎ።

የክብርዎ ታዛዥ፣ የማናሴና የፉአታይ ልጅ፣ በቫይቶአ የመኪና መጠለያ አዳሪ፣
ሎሴ ማናሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ሳላደርስ እናቴ አረፈች። ከአባቴ ጎን ቀብረናታል፤ ፈቃድ አልጠየቅንም። ኢሳራኤሉም መጥቶ ነበር፤ ሳይለካ አልቅሶ ሄደ። ከቀብር መልስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጽሕፈት ቤትዎ ከበተነው የትርጓሜ ቅጂ ላይ አነበብኩ፤ «ቋሚ ነዋሪ ማለት በይዞታው ላይ ዘወትር የሚያድርና ወደ ሌላ ስፍራ የመዛወር ሐሳብ የሌለው ሰው ነው» ይላል። በዚሁ መሠረት እናቴ ፉአታይ ማናሴ የይዞታው ቋሚ ነዋሪ ሆና እንድትመዘገብ በአክብሮት አመለክታለሁ። ይዞታውን ልቀቂ የሚል ትእዛዝ የሚጽፉላት ከሆነም በራሷ ስም ይጻፉና ራስዎ መጥተው ያድርሱላት፤ እኔ አላነብላትም።