ከሲስተር ትዝታ ክፍል ስላዳኑን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ጌዲዮን፣
የደጋ ማለዳ የክሊኒኮች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎና ስብሰባዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ ከወገዳ ባሻገር ያለን ገበሬዎች፣ መኪናዎ መንገዳችንን ባትደፍርም ደብዳቤዎ ሳይጓደል ስለሚደርሰን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እኔ ይስማው ሞላ የተባልሁ ገብስ አራሽ ነኝ። በልጅነቴ ቤተ ልሔም ከዜማ ቤት ገብቼ ተምሬያለሁ፤ ኋላ ወታደር ቤት ገብቼ ሲጋራ ለመድሁና ሃያ ሁለት ዓመት አጨስሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ለድፍረት አይደለም። አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራት ጊዜ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለተባልሁ፣ እርስዎን ከስብሰባ መለየት ኃጢአት መስሎኝ ነው።

፩ኛ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ከሲስተር ትዝታ ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። ከምን እንዳዳኑኝ ለመጠየቅ ጊዜ ስላላገኙ ላስረዳዎ።

ዓምና ታኅሣሥ አውድማ ዳር ተቀምጬ ሳጨስ ቁራጩን ሳላጠፋ ጣልሁት። ነፋስ ነበረ። የእኔ ክምርና የሟች ወንድሜ ሚስት የዓለምጸሐይ ክምር ጎን ለጎን ስለነበሩ ሁለቱም ነደዱ። ዓለምጸሐይ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። “የልጆቹ ነበር” አለችኝና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ገባች። በማግሥቱ አመዱን ስጠርግ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ ሲጋራ አወጣ። ያን ጊዜ የገዛ እጄን ፈራሁት።

እየጎተተች ክሊኒካችሁ ያደረሰችኝ ባለቤቴ ሰርካለም ናት። ሲስተር ትዝታ ሂፕኖሲስ የሚባለውን ሕክምና ተምራ መጥታ፣ ልማድ ያሸነፋቸውን ሰዎች ትረዳ ነበር። “ጋሼ፣ አላስተኛዎትም፤ ድምፄን እየሰሙ ነው የሚቆዩት። በቃኝ ካሉ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፤ ቃል አልገባልዎትም” አለችኝ። ዓይኔን አስጨፍና፣ ትንፋሼን አረጋግታ፣ ዜማ የተማርሁበት ጥድ ሥር መልሳ አስቀመጠችኝ፤ እጄ ኪሴን በፈለገ ቁጥር አምሮቱ እስኪያልፍ እዚያ እንድቆይ አለማመደችኝ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራልኝም፤ ወጥቼ በሩ ላይ አጨስሁ። ከአራተኛው ቀን ወዲህ ግን ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነኝ።

ክፍሉን የዘጉበት ደብዳቤ ይህን “ሕሙማንን ያለ ፈቃዳቸው የሚያስተኛ ባዕድ ሥራ” ይለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ ይመኑኝ፣ እዚያ ክፍል አንድም ቀን አልተኛሁም። ያለ ፈቃዴ የተኛሁት ጉዳዩን ሊያስረዱን ንፋስ መውጫ በጠሩት ስብሰባ ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻዎን ሲናገሩ ከጎኔ የነበሩትም አንኮራፉ። ለዚህ ችሎታ ፈቃድ ካለዎ፣ ለሲስተር ትዝታም የት እንደሚወጣ ይንገሯት።

፪ኛ፦ በእሷ ምትክ ስለላኩልን ፖስተር እጅ ነሥቻለሁ። ማጨስ ክልክል መሆኑን የሚነግረው ሲጋራ፣ ጭሱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ፣ ክንድ በሚያህል ቁመት ተሥሎ፣ በተዘጋው በር ላይ ተለጥፏል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሲጋራ ያማረኝ ያን ሥዕል ያየሁ ዕለት ብቻ ነው።

፫ኛ፦ ይህን ሦስተኛውን በማላገጥ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጎረቤቴ ፍሬው አረቄ ካልቀመሰ እርፍ አይጨብጥም ነበር። ሚስቱ መሯት ልጃቸውን ይዛ እስቴ አባቷ ቤት ገባች። እኔን አይቶ እሱም ወደ ሲስተር ትዝታ ሄደ። ሁለት ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን አረቄ ሳይቀምስ ዋለ፤ ለመስቀል ሚስቱን ሊያመጣ ሸማውን አሳጥቦ ጠበቀ። ሦስተኛው ቀጠሮው ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሄደ፤ በሩ ታሽጓል። ከዚያ በር ቀጥታ አረቄ ቤት ገባ።

እስቴ ድረስ ለሽምግልና አብሬው የሄድሁት እኔ ነኝ። በመንገድ “አልቀምስም” ብሎኝ ነበር፤ በየት በኩል እንደቀመሰ አላየሁም። ግቢው በር ላይ እየተንገዳገደ የልጁን ስም ጠራ። የስድስት ዓመቷ ልጅ ሮጣ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። አማቱ ወደ እኔ ዞረው “አቶ ይስማው፣ ይህን ሰው ነው የተሻለው ብለው ያመጡልን?” አሉኝ። ፍሬውን ክንዱን ይዤ መለስሁት።

ክቡር ሆይ፣ ሂፕኖሲስ ፍሬውን ያድነው እንደነበረ አላውቅም፤ እሷም አላለችም። ዐሥራ ሁለተኛውን ቀን ግን እርስዎ እንደወሰዱበት አውቃለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ አንድ ቀን መንገዱ ተሠርቶ የሚመሩትን ክሊኒክ በዓይንዎ ለማየት ያብቃዎ እያልሁ፣ ከወንበርዎ ግርጌ የምሰግድ፣

ታዛዥዎ ይስማው ሞላ
ኅዳር፣ ከወገዳ ባሻገር

በድጋሚ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የክሊኒኩን ኃላፊ የእገዳውን ደብዳቤ እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸውና እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ ቃል በቃል አነበብሁት። ቁጥሩም ማኅተሙም ትክክል ነው። የታገዱት ግን “አቶ ትዝታ የተባሉት ነርስ” ናቸው። ኃላፊውም በዚህ ስም የሚጠሩ ወንድ ሠራተኛ እንደሌላቸው በጽሑፍ መልሰውልዎ ሰኞ ዕለት በሩን ከፈቱት፤ ፍሬውም የቀረችውን ሦስተኛ ቀጠሮ ዛሬ ጧት ገብቷል። አቶ ትዝታን ግን ትእዛዝዎን አክብረን በየቀበሌው እየፈለግናቸው ነው፤ እንዳገኘናቸው ወዲያው አግደን እናሳውቅዎታለን።