ልጅህ በሙት ዓመትህ ለምን እንዳልነበረ

ለኔው ያረጋል፣

እንዴት ሰንብተሃል ብዬ እንዳልጠይቅህ ያለህበትን አላውቀው። እኔ ግን ቢቸና፣ ያው በምታውቀው ቤት አለሁ። ወባ ናት ብለህ ያቀለልካት ሕመም ከለየችን ዓመት ሞላን። በሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፣ ጓዳ ስንገባ ደግሞ «አንተ»። ዛሬ የሚሰማን ሰው ስለሌለ እንደ ጓዳችን አድርጌ እጽፍልሃለሁ። የአራተኛ ክፍል ጽሕፈት ነውና ቢንጋደድ ታገሠኝ።

ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አወጣን። ዳሱ ተጥሎ፣ ካህናቱ ተሰብስበው፣ የሞጣ ዘመድ ሁሉ መጥቶ፣ አምሮ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ስሜነህ፣ ልጅህ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ እዚያም ቢሆን ቀድሞኝ የሚያወራልህ አይጠፋም።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። ኮኩ ዘንድሮ አፈራ፤ ይነቀል ብለህ የፈረድክበት ያ ኮክ። በክሊኒኩ ያንተን ቦታ የያዘው ድሬሰር ከሐረር የመጣ ትሑት እስላም ልጅ ነው፣ ለመርፌ እጁ ቀላል ነው ይላሉ። ሰው ግን አሁንም «ያረጋል ጋ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው። ደህና ነኝ፣ የማወራው ሰው ከማጣት በስተቀር። አንተ እኔ ሳወራ ዝም ብለህ ጫማህን ትወለውል ነበር፣ እኔም አትሰማኝም ብዬ እቆጣ ነበር። ያ ዝምታህ ናፈቀኝ። የአሁኑ ዝምታ ሌላ ነው።

ስሜነህ ከፋሲካ በኋላ ከአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ተቀብሎ ሊያጠና መጣ። ትንሿን አውሮፕላን ብቻውን ማብረር ከቻለ ቆይቷል። የቀረው መንገደኛና ዕቃ ጭኖ ደመወዝተኛ አብራሪ ለመሆን የሚያበቃው የጽሑፍ ፈተና ነው። እኔማ ካበረረ ወዲያ ምን ፈተና ቀረው ብዬ ነበር። ለካ ነፋሱም፣ ደመናውም፣ የጭነቱ ሚዛንም፣ የሰማዩ መንገድ ሕግ ሳይቀር በወረቀት ይጠየቃል። ለሰማይም የመንገድ ሕግ አወጡለት ስትባል እንዴት በሳቅህ ነበር።

አዲስ አበባ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ነው የሚያጠኑት። እዚህ ማን ይጠይቀው? እንግሊዝኛ አላውቅ። ኋላ ዘዴ መጣለት፤ ጥያቄዎቹን በቁራጭ ወረቀት፣ እንግሊዝኛውን እንዳለ በኛው ፊደል እየጻፈ ሰጠኝ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል። የማነበው አንዱም አይገባኝም። ግን ዳዊቴንስ ስደግም ግእዙ መች ገብቶኝ ያውቃል፤ ለምጄዋለሁ። እንዲያውም አነባበቤ የዳዊቱ ስለሆነብኝ፣ ስሜነህ በሳቅ ይፈርስና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስለ ነዳጅ ነው እንጂ ስለ ኀጢአት አይደለም» ይለኛል። የነፍስ አባታችን መምሬ ደስታ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰምተው የምን ጸሎት ነው ብለው ጠየቁኝ። የደመና ነው ብላቸው ዝናቡን አደራ ብለውኝ ሄዱ። እውነቴን ነው፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤታችን እንደዚያ ሰሞን ድምፅ ሞልቶት አያውቅም።

ሞጣ ሳለን የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ትዝ ይለኝ ነበር። ለክሊኒኩ የመድኃኒት ሳጥን በአውሮፕላን ሲላክ አንተ ልትቀበል ትወርዳለህ፣ ስሜነህን ጫንቃህ ላይ አድርገህ። ከብቱ ከሜዳው ተባርሮ አውሮፕላኑ አቧራውን እያስነሣ ሲመጣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጁ ግን አንተ ሳጥኑን ስትረከብ አብራሪውን ነበር አፉን ከፍቶ የሚያየው። ስንመለስ መንገድ ላይ «ይህን ልጅ ወሰዱብን» አልከኝ። ያኔ ስቄብህ ነበር።

እንዲህ ደስ ብሎን ሳለ ከትምህርት ቤቱ ቴሌግራም መጣ። የፈተናው ቀን ተለውጦ ሙት ዓመትህ ዕለት ላይ አረፈ። ያን ቀን ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ የደከመበት ሁሉ ቀረ ማለት ነው። መምሬ ደስታ ሙት ዓመቱን ትንሽ ቀደም ማድረግ ይቻላል ብለው ነበር። እኅትህ እትዬ ያልጋነሽ ግን ዘመዱን ሁሉ ጠርተው ጨርሰዋል። ከሞጣ ድረስ መንገዱን ችለው መጡና፣ አንተን ለመውቀስ ሲነሡ ይቀመጡ እንደነበረው አድርገው ተቀመጡ። «ወንድሜ የወለደው አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱ ከሌለ ማን ቆሞ ሊቀበለን ነው?» አሉኝ። ሳይስሙኝ ወደ ሞጣ ተመለሱ።

ስሜነህ ይህን ሰምቶ ኖሮ መጽሐፎቹን ሳጥን ውስጥ ከተተና አልሄድም አለ። እኔም አልደብቅህ፣ አጠገቤ ሊቀር ነው ብዬ ልቤ አረፈ። በነጋው ግን ቁርሱን ሳቀርብለት ፊቱን አየሁት። አንተን የቀበርን ዕለት እንኳ እንዲያ አልጠቆረም። ሳጥኑን ከፍቼ ቁራጭ ወረቀቶቹን አወጣሁና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ቁርሱን ገፋው። ቀጠልኩ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ራሱን ሳያነሣ «እማዬ፣ አንድ መሥመር ዘለልሽ» አለኝ። መልሼ አነበብኩለት፣ መለሰልኝ። እስኪረፍድ ድረስ እንዲያ ስንል ቆየንና ወረቀቱን አስቀምጬ «ሂድ፤ እኔ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ» አልኩት። ወደ ደጀን በሚወርደው አውቶቡስ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

ዕለቱ ደረሰ። ዳሱ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ ሲያዩኝ የእትዬ ያልጋነሽ ዓይን ከኋላዬ ስሜነህን ፈለገ፤ አጡት፣ አልፈውኝ ገቡ። የመጣው ሁሉ ልጁስ ይለኛል፣ ፈተና ላይ ነው እላለሁ፣ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። ምነው ያረጋል አጠገቤ ቢቆምልኝ አልኩና ራሴን ታዘብኩ፤ ሙት ዓመቱ ያንተ እኮ ነው።

ከጉንደ ወይን የመጣው የአጎትህ ልጅ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ አባቱን በአውሮፕላን የለወጠ ልጅ ብሎ ሰው እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ። እትዬ ያልጋነሽ ከተቀመጡበት ዞር አሉበት።

«የወንድሜን ልጅ የምቆጣው እኔ ነኝ። አንተ ጠላህን ጠጣ።»

ጠጣ፣ ምን ያድርግ። ከዚያ ተነሥተው መጡና ጎኔ ቆሙ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ኖሯል፣ መልሰው አለበሱኝ። እንግዳው እስኪያልቅ አብረን ሸኘን። በነጋው እሳቸውም ሄዱ፣ ዳሱም ፈረሰ፣ እኔና ግቢው ቀረን።

ትናንት ስልክ ቤት ተጠራሁ። ስሜነህ ነው። ገና ሳልጠይቀው ሰው ተቀየመብኝ ወይ አለኝ። ማንም አልተቀየመም፣ አምሮ ነበር አልኩት። ውሸቴን አንተ ብቻ ታውቃለህ፣ አደራ። ከዚያ ነው ማለፉን የነገረኝ። እልል ልል ፈልጌ ስልክ ቤቱ ሰው ሞልቶት አፈርኩ። ቤት ገብቼም እልል ልል ብዬ ለማን ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ልጃችን አለፈ። ለበዓል ቢመጣ አንድ አዳር ነው። ከእንግዲህ በየዓመቱ በዕለትህ የት እንደሚውል እሱም አያውቅም፣ አሥመራ ይሁን ጎንደር። በሥራው መሀል ቀኑን ቢስተውም አትቀየመው፤ እሱ ዓይኑን ከፊቱ ካለው መንገድ እንዳያነሣ እኔ ነኝ የላክሁት። በዕድሜዬ እስካለሁ የእሱንም ድርሻ ጨምሬ አስታውስሃለሁ።

ያንተው የሻረግ