የዳማ ምራቅ

ወዳጄ፣ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሰፈሩ ሁሉ በድንጋይ የሚያባርራት ውሻህ ዳማ፣ እዚህ ለሥልጠና የመጣሁበት ላብራቶሪ ውስጥ ምራቋ እንኳ ያለጓንት አይነካም። ዘረመሏን አንብበው የውሾችን አመጣጥ ሊያጠኑበት ነበር። ዛሬ የላብራቶሪው አለቃ ውጤቱን አይታ፣ "ይቺ ውሻ እኮ ግማሽ ሰው ናት!" ስትል ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ያኔ እዚያ ምራቋን በጥጥ ስንወስድ፣ ዳማ አፏን አልከፍት ስትለን፣ "አይዞሽ፣ አያምም" ብዬ ጥጡን መጀመሪያ የራሴ አፍ ውስጥ እንደከተትኩት ታስታውሳለህ? አለቃዋ "የማን ምራቅ ነው የተቀላቀለው?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ፈሪው "የባለቤቷ ይሆናል" ብዬ አንተ ላይ አላከክሁ። አፍሬአለሁ፣ ይቅር በለኝ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ፣ የዳማንም ጆሮ እከክልኝ። ነገ ጠዋት ለማጣራት እዚህ ላብራቶሪ የምንሠራውን የሁላችንንም ምራቅ ይወስዳሉ።