በንግሥቲቱ ፀጉር ውስጥ ያለው ሰይጣን

ሰኞ

ዛሬም አልነገርኳቸውም። የሥራ ጓደኛዬ ሰላም፣ ኦሮራ ከተማ እሷ ያለችበት ሕንጻ ላይ ያለውን ክፍል እስከ እሑድ ብቻ ነው የምይዝልሽ ብላኛለች። ዲፖዚቱ፣ የቤት ማስያዣው ገንዘብ፣ የለኝም፣ ወኔውም የለኝም። እዚህ ዴንቨር ዳር፣ ግሪን ቫሊ ራንች፣ መኪና የሌለው ሰው እስረኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ያሬድ ማታ ሥራ ያደርሰኛል፣ ጠዋት ያመጣኛል። ቀን አንድ ጆሮዬን ከፍቼ እተኛለሁ፣ እናቱን መጠበቅ አለብኝ። ኪራይ አልከፍልም። አሜሪካ እንድመጣ ስፖንሰር ያደረገኝም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት «ልወጣ ነው» ተብሎ እንዴት ይጀመራል? ውለታው እግር ከወርች አስሮኛል።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ እትዬ በለጡ የሟች ባላቸውን ልብስ ለቤተ ክርስቲያን እንድለይ አዘዙኝ። የወፍራሙ ካፖርት የውስጥ ኪስ፣ ፖስታ። ፖስታው ውስጥ አምስት የካናዳ ሃያ ዶላር፣ አንዴም ያልታጠፉ። ጋሼ ዊኒፔግ ሲኖሩ ያከራየቻቸው አሮጊት ስትሰናበታቸው የሰጠቻቸው ነው አሉ። «ውሰጂው፣ ላንቺ ይሁን» ብለው ወደ ቴሌቪዥናቸው ዞሩ።

ማክሰኞ

አልተኛሁም፣ ጉግል ሳደርግ ዋልኩ። ኖቶቹ ላይ 1954 ይላል። መጀመሪያ የታተሙት ላይ ካለችው የእንግሊዝ ንግሥት ጆሮ ኋላ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ የሰይጣን ፊት ይታያል ተብሎ ሰው ሲያጉረመርም አስተካክለው እንደገና አተሙት አሉ። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የፊተኛውን ነው። በስልኬ አጉልቼ አየሁ። አፍንጫው አለ፣ አፉም አለ። አምስቱም ላይ። ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው።

ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለእትዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩና አማተቡ። ይኼ ነው የሚወደደው? አሉኝ። ሰይጣኑ ስላለበት ነው እኮ የሚወደደው አልኳቸው እየሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ዴንቨር የድሮ ገንዘብ የሚገዛ ሱቅ ጋ ደወልኩ። ሰውየው ምንም ሳትነኪያቸው እንዳሉ አምጪያቸው አለና የሚሰጠኝን ነገረኝ። ዲፖዚቱን ይሸፍናል፣ ለድስትና ለሳህንም ይተርፋል። ሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ። ያሬድን የጥርስ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው ብዬ ዋሸሁት።

ረቡዕ

አበድኩ።

ከሥራ ስመለስ ኖቶቹ ካስቀመጥኩበት የሉም። እትዬ ወደ ኩሽና ጠሩኝ። ፎጣ ላይ ደርድረዋቸዋል። ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን በሚያመጡት ጠበል ዘፍዝፈዋቸው አድረዋል፣ ጠዋት ደግሞ በካውያ ተኩሰዋቸዋል። አገር ቤት እጥፋት ያለበት ዶላር ስለማይወደድ፣ በሰው እጅ ስንልክ እዚህ ቤት ገንዘብ መተኮስ የተለመደ ነው። እኔም ስንቴ ተኩሻለሁ። «አሁን ንጹሕ ነው» አሉኝ ኮራ ብለው።

ምን ልበል? በዚህ ዕድሜያቸው ልጩህባቸው? እግዜር ይስጥልኝ አልኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። በጣም ተናድጃለሁ። ሰይጣኑ ደግሞ ንቅንቅ አላለም፣ አይቼዋለሁ።

ሐሙስ

የሚሆነው አይታወቅም ብዬ ሄድኩ። ፌርማታው ድረስ ሩቅ በእግር፣ ከዚያ ሁለት አውቶቡስ። ሰውየው አንዱን ኖት ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ አሸተተው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ አለቀ አለኝ። አሁን የሚሰጠኝ ላዩ ላይ ከተጻፈው ብዙም አይበልጥም። ማን አጠበው ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩት። እትዬን ለፈረንጅ አሳልፌ አልሰጥም።

አልሸጥኩም። ስመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የሰላም ሕንጻ ከመንገዱ ማዶ ይታየኛል። ሴቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ተሻግሬ አልገባሁም፣ ምን ልላት?

ቅዳሜ

ያሬድና ሚስቱ ገበያ ወጥተው ሁለታችን ቀረን። እትዬ ገንዘቡ ስንት አወጣ አሉኝ። መዋሸት ደከመኝ። ምንም አላወጣም፣ መታጠቡ አበላሸው አልኳቸው። «ለቤቱ አስበሽው ነበር፣ አይደል?» አሉ።

ክው አልኩ። ለካ መታጠቢያ ቤት ተዘግቼ ከሰላም ጋር በስልክ የማወራውን ሁሉ ሲሰሙ ኖረዋል። «አውቄ ነው እኮ የሰጠሁሽ። ሰይጣን ባለበት ገንዘብ ቤት እንዳትጀምሪ ብዬ ነው ያጠብኩት» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። ከረቡዕ ጀምሮ በሆዴ ስንት ነገር ብያቸዋለሁ። አፈርኩ።

እሑድ

ምሳ ላይ እትዬ ራሳቸው አወጡት። ልጅቷ ክፍል አግኝታለች፣ ዲፖዚቱን አበድራት አሉት። ያሬድ እጁን ከትሪው አነሳ። እማዬን ማን ይጠብቃታል? ሲል የሚያየው እኔን ነው። የመለሱለት ግን እሳቸው ናቸው። «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ የምጠበቀው?» ያሬድ ተነሥቶ ጋራዥ ገባ፣ እስካሁን አልወጣም። ይስጠኝ አይስጠኝ አላውቅም። አኩርፎ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም እኮ። ለሰላም ግን «እገባለሁ» ብዬ ቴክስት አድርጌአለሁ።

ይህን ስጽፍ እትዬ ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እዚያ አውቶቡስ ቅርብ ነው? በእግር የሚደረስ ሱቅ አለ? አማርኛ የሚናገር ጎረቤትስ? ሁሉም አለ አልኳቸው። በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«እኔም እኮ እዚህ አገር ከመጣሁ አንድ ቀን ብቻዬን ከቤት ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «አልጋሽ ለሁለት ይበቃል?»

ይበቃል አልኳቸው። ገና አልጋ እንደሌለኝ አልነገርኳቸውም።