በመሐላ የተዘጋው ሙሾ

ውድ ይታያል፦

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ማረሚያ ቤት ያስገባሁትን ልጅ ይህን ለመጠየቅ ግን አፌ አልደፍር አለኝ። «ያስገባሁት» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም።

ለድራማ ክበባችን ተውኔቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ አባቱ የተገደለበት ልጅ ገዳዩን ይቅር ይል ነበር። ልምምዱን ያዩት መምህራን አዛጉብኝ። ኩራቴን ታውቀዋለህ፤ መጨረሻውን ቀይሬ ልጁ እንዲገድል አደረግሁ። ሰሌዳው ላይ «ገጸ ባሕሪን ወደ ጥፋት የሚነዳው ስሜቱ ነው» ብዬ ጻፍኩና «ቁጣው ከሆድህ ይምጣ» እያልኩ ልጁን ሆነህ የምትጫወተውን አንተን ማስጨነቅ ጀመርኩ።

አባትህ በቂም መገደላቸውን አውቅ ነበር። ለእሳቸው የወረደውን ሙሾ ለተውኔቱ ፈልጌ ዳባት ድረስ ሄጄ እናትህን እትዬ ገበያነሽን ለመንኳቸው። «አይ መምህርት፣ እሱንስ እርቅ የወረደ ለታ ዳግም ላናነሳው ሽማግሌ ፊት ምለን ዘግተነዋል» አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ፤ ግን አልተውኩም። አንተን ጠየቅሁህ። የተወጋ አይረሳም፤ በሰባት ዓመትህ የሰማኸውን አንድ ስንኝ ሳትስት፣ ዐይንህን ጨፍነህ አልክልኝ። እያለቀስክ ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ እጽፍ ነበር።

የትዕይንቱ ቀን የደባርቅ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሙሾውን ስታወርድ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ። አባትህን የገደለው ሰው ልጅ፣ አለምነህ ነበር። ስታየው አየሁህ። ፊትህ የተዋናይ ፊት አልነበረም፤ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ጭብጨባው ጣመኝና ዝም አልኩ። በማግስቱ ገበያ መንገድ ላይ ጠብቀህ ገደልከው።

ፍርድ ቤት ቀርቤ «ጨዋ ተማሪ ነበር» ብዬ ወረድኩ። አንተም ሙሾውን ማን አስነሳህ ሲሉህ «ከራሴ ነው» ብለህ ሸፈንከኝ። ያመነህ የለም። ሰው ሁሉ እናትህ ያስጠኑህ መሰለው። መሐላ አፍራሽ ተብለው ጎረቤት እሳት እንኳ ይከለክላቸው ጀመር። የአለምነህ ቤተሰብም «ከመሐላ አፍራሽ ጋር እርቅ የለም» አለ። ወንድምህ ደርበው ደመኛ ይጠብቀኛል ብሎ እርሻ መውጣት ከተወ ዓመት አለፈው። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ደመወዜን እየበላሁ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባልነግርህ እወድ ነበር። አለምነህ ባንተ አልሳቀም። ሽማግሌውን የተጫወተው ሰብስቤ ከኋላህ ቆሞ ሳለ፣ በሙጫ የለጠፍኩለት የጥጥ ጢም ተላቅቆ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጀርባህን ሰጥተኸው ስለነበር አላየህም። እኔ አይቻለሁ። ከመድረክ ስትወርድ ልነግርህ እችል ነበር፤ እኔ ግን እንኳን ደስ አለህ አልኩህ።

ትናንት ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ጋር ወደ አለምነህ እናት፣ ወደ እትዬ ሸጊቱ ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ እናትህ እንደከለከሉኝ፣ አንተን እንዳስለቀስኩህ፣ የጢሙንም ነገር።

«በሰው ሐዘን የሳቀ እያሉ ነበር ልጄን የቀበሩብኝ» አሉ እትዬ ሸጊቱ። «አሁን ስሙን መለስሽልኝ። ለገበያነሽ ንገሯት፤ ሽማግሌ ትላክ።»

ስለዚህ እናትህ ከሐሜቱ ወጥተዋል፤ ደርበውም ለዘንድሮው እርሻ ይደርሳል። የእርቁ ቀን ሲቆረጥ መጥቼ ራሴ እነግርሃለሁ፤ ፊቴን ማየት ካልፈለግህ ለጠባቂው ንገርና እመለሳለሁ።

የእኔን ነገር ብትጠይቅ፣ ወጉን ታውቀዋለህ፤ የተበደለው «አውርድ» ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። እትዬ ሸጊቱ አውርጂ አላሉኝም። እስከ ቤቴ ተሸክሜው ተመለስኩ።

አስተማሪህ የነበረችው
ዕፀገነት