ለውዝ አልበላም፤ ያመኛል

ማክሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 1957

እሺ አልኳት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ብል፣ ልጄ ጽጌ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጥታ ሰፈሩን አዳርሳዋለች። እሑድ ስታዲየም ልወስዳት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ እዚሁ ሰበታ የፋብሪካው ቡድን በረኛ ነው። እሑድ አዲስ አበባ ላይ ለዋንጫ ይጫወታሉ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጎቷን ያየችው እዚህ ሜዳ ላይ፣ ከከብት ጋር እየተጋፋ ኳስ ሲይዝ ነው። በትልቁ ሜዳ ልየው አለች። ይህ ምን ክፋት አለው? ሌላ እናት ብትሆን ቀሚስ አልብሳ ይዛት ትሄድ ነበር።

እኔ የምፈራው ግፊያውን አይደለም። ለውዝ ነው።

ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ሠርግ ቤት፣ ኋላ ደግሞ ደግ ሰው በሰጣት አንድ ጭብጥ ለውዝ ያለበት ቆሎ። ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ተደፈነ፣ ደረቷ ሲጥ ሲጥ አለ። በሁለተኛው ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ፈረንጁ ሐኪም ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ራሱን አከክ አከክ አደረገና «ደሟ ይቆጣል ነው የሚሉት፤ ለውዝ አታስነኳት» ብሎ ጨረሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የበሽታው ስም «ቁጣ» ሆኖ ቀረ። «ጽጌ ቁጣ አለባት» ስል ሰው ሁሉ «ልጅ አይደለች እንዴ፣ ትቆጣ እንጂ!» ይለኛል።

ስታዲየም ደግሞ ሰው ኳስ የሚያየው ለውዝ እየፈለፈለ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ዛሬ ኦቦ ገመቹ ወተት ሲያመጡ ለመንኳቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ ገበሬ፣ ጽጌን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ። ባሌ የጭነት መኪናውን ይዞ ጅማ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ብቻዬን ልጅ ይዤ እዚያ ሁሉ ወንድ መሃል እንዴት እገባለሁ? «ሰው ሲሯሯጥ ለማየትማ የሰበታ ገበያ አይበቃም?» ብለው ሳቁ። ግን እሺ አሉ። እሰይ።

ለጽጌ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናኋት። ማንም ምንም ቢሰጥሽ፣ «ለውዝ አልበላም፤ ያመኛል» በይ። አሥር ጊዜ አስባልኳት። በኦሮምኛም ትወቀው ብዬ ኦቦ ገመቹን ጠየቅኳቸው። «ሂን ኛዹ በይ፤ አልበላም ማለት ነው» አሏት። ለውዝስ ምን ይባላል? ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ እኛ ዘንድ አይበቅል፣ ስሙን ከየት ላምጣው? ሐረር ወርደሽ ጠይቂ።» እንደ ቀልድ አለፍኩት።

ትምህርት ቤት ስውል ሐሳቤ እሑድ ላይ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ጂኦግራፊ አስተማርኩ፤ ማስተማር ከተባለ። የየጠቅላይ ግዛቱን ምርት ሰሌዳ ላይ ጽፌ በዜማ አስባልኳቸው። ሐረርጌ፦ ቡና፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ። ጫልቱ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ኦቾሎኒ ምንድን ነው?» ይቺ ልጅ ጥያቄ አያልቅባትም። «የሐረርጌ እህል ነው፤ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች።

ዓርብ፣ ጥር 21

ታደሰ ከልምምድ ሲመለስ ብቅ አለ። ጽጌ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማ «ለውዝ አልበላም፤ ያመኛል!» አለችው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ ያን ሁሉ ኳስ ስመልስ አንቺ አንዲት ፍሬ መመለስ አቃተሽ?» አለኝ።

ተናደድኩ። «አንተማ ምን አለብህ! ኳሷ ከፊት ለፊትህ ነው የምትመጣው። የእኔ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም» አልኩት። ሳቁን አቆመ።

እሱ ሲወጣ ልቤ ከዳኝ። ጽጌን ጠርቼ እንቀራለን አልኳት። አላለቀሰችም። ነጭ ቀሚሷን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ከለቅሶ የባሰ ሆነብኝ። አንድ ሰዓት አልቆየሁም፣ ሄጄ ቀሚሱን አወጣሁት። በዚህ ቤት እናቷ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት?

ቅዳሜ፣ ጥር 22

የያዝኩት፦ ዳቦ፣ ቅቅል ድንች፣ ብርቱካን፣ ውሃ በጠርሙስ፣ ጃንጥላ፣ ትልቁ ነጠላዬ። የጎረቤት ሴት ጸበል አመጣችልኝ። «ቁጣ ምናምን አትበይ፤ ቡዳ ነው፤ ልጅሽ ቆንጆ ናት» አለችኝ። ቡዳ ነው ብዬ አላምንም። ጠርሙሱን ግን ከዳቦው ሥር ከተትኩት።

ሌላ ምን ላድርግ? ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

እሑድ፣ ጥር 23

ጠዋት። የፋብሪካው ካሚዮን ደጋፊ ጭኖ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ጽጌ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ጥለውን ሊሄዱ ነው!» ትላለች። እመብርሃን፣ አደራሽን።

ሰኞ፣ ጥር 24

ሆስፒታል ነኝ። አለች። ከሁሉ በፊት ይህን ልጻፍ፤ ልጄ አለች፣ ትተነፍሳለች፣ አጠገቤ ተኝታለች። ጽሕፈቴ አይነበብም። ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ስታዲየም ስንገባ ሰውም ሜዳም አልታየኝም። መሬቱ ሁሉ የለውዝ ልጣጭ ነው። ጽጌን በእኔና በኦቦ ገመቹ መካከል አስቀምጬ ነጠላዬን አለበስኳት። ሻጭ በቀረበ ቁጥር ጃንጥላዬን እቀስርበታለሁ። አንዱ «እመቤቴ፣ ለውዝ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም!» ሲለኝ አካባቢው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ። ከኋላችን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። «እናት አይደለች እንዴ፣ ተዉአት» አሉ። ወደድኳቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሐረር እንደመጡ አጫወቱኝ። ከሐረር! ጆሮዬ ያን ጊዜ የት ነበር?

ግማሹ ጨዋታ በሰላም አለፈ። ጽጌ ዳቦዋን በላች፣ ብርቱካኗን መጠጠች። ኦቦ ገመቹ የሰው ሩጫ ይሉ እንዳልነበረ ብድግ ብለው «ቀቢ! ቀቢ! ያዘው!» እያሉ ለታደሰ ይጮኻሉ። እኔም ደረቴ ቀለል አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሪጎሬ ተሰጠብን። ወንድሜ ብቻውን ግቡ ላይ ቀረ፤ መቺው ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ። ተነሣሁ። መታ። ታደሰ ተወርውሮ ያዛት! ጮህኩ። ነጠላው የት እንደወደቀ አላውቅም። ኦቦ ገመቹን አቀፍኳቸው፤ እሳቸውም አቀፉኝ። ስንት ደቂቃ ይሆናል? አንድ? ከአንድ አይበልጥም።

ዞር ስል ጽጌ እያኘከች ነው።

ሽማግሌው በደስታ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቅርፊቱን በመዳፋቸው አሽተው አጉርሰዋታል። ልጄ ያስጠናኋትን አላጎደለችም። «ለውዝ አልበላም፤ ያመኛል» ብላቸዋለች። እሳቸውም በቅንነት «ለውዝ አይደለም የኔ ልጅ፣ ኦቾሎኒ ነው። ከአገሬ ያመጣሁት» አሏት። ለውዝ ካልሆነ ምን ታድርግ? ጎረሰች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሟት።

ኦቾሎኒ። ረቡዕ ዕለት በገዛ እጄ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት። በዜማ ያስባልኩት። ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የሐረርጌ እህል ነው፣ ተቀመጪ ያልኩበት።

ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ አስተፋኋት፤ ጥቂት ነው የወጣው። ከንፈሯ እያየሁት አበጠ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ውሃ አፍስሱባት ይላል፣ አንዱ ክብሪት አጭሱላት ይላል፣ አንዲት ሴት «ቡዳ በልቷታል!» ብላ ትጮኻለች። ጸበሉን አወጣሁ፤ እጄ ላይ ፈሰሰ። ደረቷ ሲጥ ሲጥ ሲል እሰማለሁ፣ ዓይኗ እኔን ያያል፣ እናቴ ታስተካክለዋለች ብላ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ «አይዞሽ» ከማለት በቀር ምንም የለኝም። አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ። ምን ያደርግላታል?

ኦቦ ገመቹ ከእጄ ነጥቀው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። «ያ ዋቃዮ! ያ ዋቃዮ!» እያሉ አምላካቸውን እየጠሩ፣ ሰው እየገፉ፣ ወደ ሜዳው ወረዱ። የቡድኑ ወጌሻ ቦርሳውን ይዞ ሮጠ። ከፈተው፤ ፋሻና የእግር ቅባት ነው። «እህቴ፣ ለዚህ የሚሆን የለኝም» አለ፤ ሊያለቅስ ደረሰ። መኪና ያስገኘልን ግን እሱ ነው። መኪናው ውስጥ ትንፋሿን እጠብቅ ነበር። አንዱ ይመጣል፣ ይቆያል፤ ቀጣዩ ይቀራል ስል ይመጣል።

ሆስፒታል አንድ መርፌ ወጓት። ጥቂት ቆይቶ ሲጥታው ቀነሰ። አንድ መርፌ! ስጡኝና ቤቴ ላስቀምጠው ብላቸው፣ ለሰው እጅ የሚሰጥ አይደለም አሉኝ። ሰበታ ሆነን ቢሆን ኖሮስ? ይህን ማሰብ አልፈልግም፤ ከትናንት ጀምሮ ግን ሌላ አላሰብኩም።

ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት መጡ። እንዴት እንዳገኙን አላውቅም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «ገደልኳት ወይ?» አሉኝ። ካገኘኋቸው የምላቸውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ጠፋብኝ። «አባባ፣ እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልገባቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

ሰበታ ገባን። እነ ታደሰ ተሸንፈዋል። ሪጎሬውን ካዳነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ታደሰ ቀና ሲል ኦቦ ገመቹ ነጭ ቀሚስ ተሸክመው ሲወርዱ አየ። እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ኳሷ በጎኑ አልፋ ገባች። «ከፊት ለፊቴ ነበር የመጣችው፤ አላየኋትም» አለኝ። ዓርብ ዕለት የተናገርኩት ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ስናልፍ አንዷ «ሴት ስታዲየም ስትገባ እንዲህ ነው» ስትል ሰማሁ። ድሮ ቢሆን ምላሴ አያርፍም ነበር። ደከመኝ።

ጽጌ ድምፅዋ ሻክሯል። ሾርባ ሳጠጣት «እማዬ፣ ብያቸው ነበር እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ የኔ ዓለም። «ለውዝ አልበላም ብያቸው ነበር።» አውቃለሁ። ለሦስተኛ ጊዜም ደገመችልኝ። ያጠፋች መስሏታል። ማንኪያውን አስቀምጬ ወጣሁና ደጅ አለቀስኩ።

ነገ አባቷ ይመጣል። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

ረቡዕ፣ ጥር 26

ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። ጫልቱን አስነሣኋት፤ ያጠፋች መስሏት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «ባለፈው ረቡዕ ኦቾሎኒ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። ለውዝ ነው» አልኳት። ልጆቹ ሁሉ «እንዴ! ለውዝ!» አሉ። ጫልቱ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ። ዞር ብዬ ባዶውን ሰሌዳ ጠረግሁ።

በዕረፍት ሰዓት ያገኘሁትን መምህር ሁሉ ለውዝ በእናንተ አገር ምን ይባላል ስል ዋልኩ። የጎንደሩም፣ የወለጋውም፣ ዘበኛውም ለውዝ ነው አሉኝ። ያላገኘሁት ሰው ግን ስንት ነው?

ባሌ አልመጣም፤ መኪናው ተጂ ላይ ተበላሽቶበታል አሉ። ደግ ሆነልኝ።

ከሰዓት ጽጌን አዲሱን አስጠናኋት። «ለውዝ አልበላም፤ ኦቾሎኒ አልበላም፤ ያመኛል።» በዚያች ሻካራ ድምፅዋ አምስት ጊዜ አለችው። በስድስተኛው አቋረጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እማዬ፣ ሌላ ስምስ የለውም?»

«አላውቅም» አልኳት። ተቀመጪ አላልኳትም።