ለዓመቱ እግረኛ ስለተሸለመው የመኪና ማቆሚያ

ለተከበሩ የከተማችን የመንገድና የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ካሉበት፣ ከመኪናዎም ሳይወርዱ ይድረስዎ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጉልበትዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ብዙም እንደማይጠቀሙበት ስለማውቅ፣ ይልቁንስ የመኪናዎ ሞተር፣ የአራቱም ጎማዎ ንፋስና የሾፌርዎ ወገብ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባለቤቴ እርስዎ ባሰፉልን መንገድ ዳር ቆመን እስከ ዛሬ በሕይወት አለን። ለዚህም ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ጉዳይ እጁ እንደሌለበት ለመመስከርም ዝግጁ ነን።

ባለፈው ሳምንት «የዓመቱ ምርጥ እግረኛ» ተብዬ መመረጤን የሚገልጸው የከበረ ወረቀትዎ ደርሶኛል። በዕድሜዬ ስሸለም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ማንም አልሸለመኝም፤ መንገድ ለመሻገር ስሞክር ግን ተሸለምኩ። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘት ያልቻልኩበትን ምክንያት በዝርዝር ባስረዳዎ የተከበረ ጊዜዎን እንደማልሻማብዎ አምናለሁ፤ መብራት ይዞዎት ሲቆሙ ሊያነቡት ይችላሉና።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንን ላስተዋውቅዎ። ባለቤቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ወደዚህ አገር የመጣነውም እዚህ ያለ የጥርስ ላብራቶሪ ስለቀጠረው ነው። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን አጥርታ የምታይ፣ ከጎኗ የሚመጣውን ግን የማታይ ሴት ነኝ። የማየው ነገር ከዳርና ከዳር እየጠበበ ሄዷል፣ ገናም ይጠባል። መኪና እንዳልነዳ የከለከለኝን ሐኪም አመሰግነዋለሁ፤ እርስዎም ቢያመሰግኑት አይከፋም። ይኸው ሐኪም ልንሰናበተው በሄድን ዕለት፣ «እህቴ፣ ቤት ስትመርጪ ኩሽናውን ተዪው። እግርሽ ሊለምደው የሚችል ሰፈር ምረጪ። ዓይንሽ ሳይሄድ እግርሽ ይማር» አለኝ።

እኛም ቤት የፈለግነው በዚህች አንዲት ምክር ነው። ሰፊ ቤት አለ፣ ጸጥ ያለ ቤት አለ፣ ርካሽ ቤት አለ ሲሉን፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የባሌ መሥሪያ ቤት ብቻዬን በእግሬ ይደረሳሉ ወይ? ብቻዬን የምትለዋን ቃል እባክዎ ያስምሩባት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሰፈሩን ያየነው አንድ እሑድ ነበር። ምን ያለ ሰፈር መሰለዎት። ከቤቱ ፊት ለፊት እንደ ሜዳ የተዘረጋ አደባባይ፣ አደባባዩ ላይ በጠመኔ ሥዕል የሚሥሉ ሕፃናት፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ሽማግሌዎች፣ በገንዳ በገንዳ የተደረደረ አበባ። ከማዶ ዳቦ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተሰልፈው ይታያሉ። ደላላው ራሱ ላቡን እየጠረገ መጥቶ፣ «እዚህ ሰፈር መኪና ምን ያደርጋል? ይኸው እኔም በእግሬ ነው የመጣሁት» አለን። ያን ዕለት አልዋሸም። በካርታዬ ላይ በዚያ ቦታ አንድ ወፍራም መስመር አይቼ ነበር። ይሁንና «ዓይን ይሳሳታል፣ ካርታ አይሳሳትም» እያልኩ የሰው ልጅ ያስተማርኩ ሴት፣ ይህን ለሐኪም እንኳ አልታመን ያለ ዓይኔን አምኜ ካርታዬን ካድኩ። ባለቤቴ አደባባዩ መሐል ላይ እጄን ይዞ «በቃ፣ እዚህ ነው» አለኝ፤ እኔም «በቃ» አልኩት። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንዲሉ ሞኝነታችንም የአንድ ምንጭ ነበር። በዚያው ዕለት የሁለት ዓመት ውል ፈረምን።

ዕቃችንን ጭነን ስንመለስ አደባባዩ የለም። በቦታው ስድስት መስመር አስፋልት ተጋድሞ፣ መኪናው እንደ ጎርፍ ይወርድበታል። ደላላውን ስናፋጥጠው፣ ያ እሑድ ጽሕፈት ቤትዎ በዓመት አንድ ቀን የሚያዘጋጀው «የእግረኞች ቀን» እንደነበረ፣ አበባውም አግዳሚውም በማግስቱ በጭነት መኪና ተመልሶ መጋዘን እንደገባ ነገረን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። ባለቤቴ ለናሙና የሚሠራቸው ጥርሶች መደርደሪያ ላይ ሲታዩ እጅግ ያምራሉ፤ አኝከው ግን አያውቁም። የእግረኞች ቀንዎም እንደዚያው መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ፤ ቅሬታ ስል ምስጋና ማለቴ ነው።

፩ኛ. ስለ ዜብራው። ወዲያ ማዶ የሚያሻግር ዜብራ እንዲቀባልን ሦስት ጊዜ አመልክተን፣ ሦስት ጊዜም በማኅተም ያጌጠ መልስ ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን። የመጀመሪያው «ጉዳዩ ይጠናል» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚል ነበር። ለሦስተኛው ግን ባለሙያዎ በመኪና መጥቶ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሲቆጥር ከዋለ በኋላ፣ «በተደጋጋሚ ከታየች አንዲት ሴት በቀር» በዚህ ቦታ የሚሻገር እግረኛ ስለሌለ ዜብራ አያስፈልግም ሲል ጻፈ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። በተደጋጋሚ የታየሁትም እየተሻገርኩ ሳይሆን፣ አንድ እግሬን ወደ አስፋልቱ አውርጄ መልሼ ሳወጣ ነበር። ሽልማቱ የተወለደው ከዚህ ጥናት መሆኑን ተረድቻለሁ። እግረኛው አንድ ብቻ ከሆነ ምርጡን መለየት ኮሚቴዎን ብዙ አላደከመውም።

፪ኛ. ስለ ባለቤቴ። ይህ ሰው ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ክንዴን ይዞ ያሻግረኛል፤ ጉዳዬን ስጨርስ ደግሞ ጥርስ የሚሞርድበትን መሣሪያ አጥፍቶ፣ ከነሽርጡ እየሮጠ መጥቶ ይመልሰኛል። የሥራ ባልደረቦቹ «ፖስተኛው» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱ ፖስተኛ ከሆነ እኔ ጥቅል መሆኔ ነው። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ይለኛል፤ አለም፤ ነገር ግን እሱን ተደግፌ ስሄድ እግሬ ምንም አይማርም። አንድ ቀን «እንግዲያው መኪና እንግዛና የፈለግሽበት ላድርስሽ» ሲለኝ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቁጣ ገንፍሎብኝ፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብዬ ተናገርኩት። ያዘነው ማዘን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ዕለት እሱም አንድ ክፍል፣ እኔም አንድ ክፍል ሆነን አመሸን። ይህን የምጽፍልዎ በጥናትዎ ውስጥ የሚሞላበት ቦታ እንደሌለው ስለማውቅ ነው። ዓይኔ ጥቂት በጥቂት እየሄደ ነው፤ እግሬ ግን የመጀመሪያውን ትምህርት እንኳ አልጀመረም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የጻፍኩልዎ።

፫ኛ. ስለ ሥነ ሥርዓቱ። የጥሪ ካርዱ የአዳራሹ መግቢያ በምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ በኩል ብቻ መሆኑን በወርቃማ ቀለም ይገልጻል። በእግር የሚመጣ ሰው በየት እንደሚገባ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ፣ አንዲት እጅግ ትሑት ሠራተኛዎ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ «ወይዘሮ፣ ግን ለምን በእግር ይመጣሉ?» አለችኝ። በዕለቱም «ለእግር ምቹ የሆነችው የነገዋ ከተማችን» የሚል ፊልም እንደሚታይ ካርዱ ይጨምራል። ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ፤ እኔም ካልተሻገርኩ አላምንምና ፊልሙ ይቅርብኝ።

፬ኛውን ባለቤቴ አንብቦ «ይሄስ ይቅር፣ ጣጣ ያመጣብናል» ስላለኝ ሰርዤዋለሁ። ስለ ሾፌርዎ ነበር።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ሽልማቱ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ለዓመቱ ምርጥ እግረኛ፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የግል የመኪና ማቆሚያ ሸልመውኛል። ሠራተኞችዎ መጥተው ዙሪያውን በነጭ ቀለም አሠመሩት፤ «ለዓመቱ እግረኛ ብቻ» የሚል ሰሌዳም ተከሉለት። ለዜብራ የጠፋው ቀለም በሰላም መገኘቱ አስደስቶናል። ቦታው ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ይኸውም ከመንገዱ ማዶ፣ ልሻገረው ከማልችለው መንገድ ማዶ።

ከኩርፊያችን በኋላ መጀመሪያ የሳቅነው በዚህ ሽልማት ነው። ባለቤቴ ከበረንዳው ሁለት ቀይ የፕላስቲክ ወንበሮች አንሥቶ፣ «ተነሺ እንጂ፣ በሰው አገር ቦታ ተመርተናል፤ ሄደን እንቀመጥበት» አለኝ። አንዱን ራሱ ተሸክሞ፣ አንዱን እኔን አሸክሞኝ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረስን። ከዚያ የሆነውን ባለሙያዎ ቢያየው ኖሮ ጥናቱን እንደገና ይጀምር ነበር። የመጀመሪያው መኪና ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። ስድስቱም መስመር ጸጥ ብሎ አሳለፈን። ሾፌሮቹ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ የመኪናቸው ቀለም እንዳይጫር ሳይሳሱ አልቀሩም። ያም ሆነ ይህ በከተማዎ ለሰው የማይቆም መኪና ለወንበር እንደሚቆም በገዛ ዓይኔ፣ ያውም በዚህ ዓይኔ፣ አይቻለሁ።

በተመራነው ቦታ ላይ ተቀምጠን ሳለ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪዎ መጥቶ «መኪናው የታለ?» አለን። ባለቤቴ ሰሌዳውን አሳይቶት፣ «ለእግረኛ ብቻ ይላል፤ እግረኛዋ ይቺውና» አለው። ሰውየው ሰሌዳውን አንብቦ፣ እኔን አይቶ፣ መልሶ ሰሌዳውን አንብቦ፣ «እንግዲህ ይቀመጡ» ብሎን ሄደ። ከጽሕፈት ቤትዎ ካገኘኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው።

በማግስቱ ባለቤቴ ፊቱን ሲታጠብ አንዱን ወንበር አንሥቼ ወጣሁ። ወንበሩን ከፊቴ ይዤ፣ ጠርዙን በእግሬ ዳብሼ፣ ብቻዬን ተሻገርኩ። ከማዶ ስደርስ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያም ተነሥቼ ዳቦ ገዛሁ። ዳቦውን ወንበሩ ላይ አድርጌ ተመልሼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው፣ ባለቤቴ ፎጣውን ፊቱ ላይ እንደያዘ ብዙ ቆየ።

ወሬው በፎቃችን ሲዳረስ፣ መጀመሪያ ከላያችን ያሉት ጡረተኛ መጥተው «ልጄ፣ መድኃኒት ላመጣ ነበርና ወንበርሽን ብታውሺኝ» አሉኝ። ቀጥላ የመንትዮቹ እናት መጣች። ዛሬ አንዱ ወንበር ወዲህ ማዶ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ይቀመጣል፤ የሚሻገር ይዞ ይሻገራል፣ ለሚመጣውም ትቶለት ይሄዳል። ፖስተኛውም ሥራውን ሳያቋርጥ ይውላል። እግሬም ትምህርት ጀምሯል፤ ዳቦ ቤቱን አውቆታል፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሊያውቀው ተቃርቧል።

እንግዲህ ክብር ምንጊዜም ከእርስዎ ጋር ይሁን፤ መንገድዎ ቀና፣ መብራትዎ ሁሉ አረንጓዴ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከልክ ባለፈ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የካደችው ካርታ ትክክል የነበረ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህርት፣
የፖስተኛው ሚስት፣
በጽሕፈት ቤትዎ ጥናት «በተደጋጋሚ የታየች አንዲት ሴት»።

ማስታወሻ፦ ባለሙያዎ እንደገና ሊቆጥር እንደሚመጣ ሰምተናል። እግረኛ አላየሁም ብሎ ቢጽፍልዎ እባክዎ አይቆጡት፤ እሱ የሚያየው ወንበር ነው። ለእግረኛ የሚሆን ቀለም ከሌለዎት ለወንበሮቹ ዜብራ ይቀቡላቸውና እኛ ከኋላቸው ተከትለን እንሻገራለን። ብቻ ቶሎ ይወስኑ፤ ወንበሮቹ እስኪጠና ይጠብቁዎታል፣ ዓይኔ ግን አይጠብቅዎትም።